ስም ያጣ ቀስት

የከተማዋ ሆስፒታል የዳሌና የጉልበት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎችን ወረፋ የሚይዝ ሶፍትዌር እንዲሠራለት በወሰነ ጊዜ፣ በሞራቫ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ ታላቅ ደስታ ሆነ። ወረፋው ሊያጥር ነው ተብሎ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር በማንም ሐሳብ አልመጣም። ደስታው፣ ከእንግዲህ «ለምን ተዘለልኩ?» ብሎ የሚጮህ ሁሉ በሰው ላይ መጮሁ ቀርቶ በማሽን ላይ ሊጮህ መሆኑ ነበር።

ሥራውን የወሰደው የጎይኮ ድርጅት ነው። ድርጅት ይባል እንጂ ከጫማ መሸጫ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። የሥራ ክፍፍሉ ግን ግልጽ ነው፤ ጎይኮ ከደንበኛ ጋር ራኪያ የሚሉትን አረቄ ይጠጣል፣ ኔዳ ታስባለች፣ የቀሩት ኔዳ ያሰበችውን ኮምፒውተር ላይ ይጽፋሉ። ስህተት ከተገኘ የኔዳ ነው፣ ምስጋና ከመጣ የጎይኮ።

ኔዳ አንድ ፊደል ከመጻፉ በፊት የመረጃ ፍሰት ሥዕል መሣል አለበት ብላ የምታምን ሴት ናት። እምነቷ ደግሞ እንደ አዲስ አማኝ ነው፤ ሥዕል አልባ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። ሥዕሉ ራሱ ከባድ ነገር አይደለም። የሚሠራ ሥራ ሁሉ ክብ ነው። ከሥርዓቱ ውጭ ያለ ሰው አራት ማዕዘን ነው። መረጃ የሚቀመጥበት ማከማቻ ሁለት ትይዩ መስመር ነው። በእነዚህ መካከል የሚሄደው መረጃ ቀስት ነው። ሕጎቹም ጥቂት ናቸው፤ ስም የሌለው ቀስት አይኑር፣ ከውጭ ያለ ሰው በክብ ሳያልፍ ማከማቻው ውስጥ እጁን አይክተት፣ ሁሉ ነገር የሚገባበት ምንም ነገር የማይወጣበት ክብም አይኑር። ይህ የመጨረሻው በሙያው «ጥቁር ጉድጓድ» ይባላል፤ ኔዳ ፊት ጥቁር ጉድጓድ የሣለ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያፏጨ ያህል ነው።

እንግዲህ ይቺ ሴት ናት ወደዚያ ሆስፒታል የተላከችው። በዚያ ሆስፒታል ምን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አለማወቁን የሚያውቅ ሰውም አልነበረም።

ወረፋው ለኔዳ የባዕድ ወረፋ አልነበረም። አባቷ ስታኖዬ እዚያው ውስጥ ነበሩ። ስታኖዬ ጡረታ እስኪወጡ የከተማዋ ባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ፤ ቀኝ ዳሌያቸው ካለቀ ቆይቷል። ሲነሡ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፣ ሲቀመጡ መንግሥትን ይሰድባሉ። ጎናቸው አልጋ ስለማይችል ሌሊቱን ወንበር ላይ ነው የሚያነጉት። ከሁሉ የከፋባቸው ግን እስከ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር መሄድ አለመቻላቸው ነው፤ እዚያ ተቀምጠው የሚዘገዩትን ባቡሮች እያዩ መናደድ የጡረታቸው ብቸኛ ደስታ ነበር። አሁን ባቡሩ ያለ እሳቸው ይዘገያል።

ባለቤታቸው ሚሉንካ መፍትሔውን ያውቁ ነበር። መፍትሔው ራድሚሎ ይባላል። ራድሚሎ በሰርጋቸው ሚዜ ሆነው፣ በኋላም ኔዳን ክርስትና አንሥተው አበልጅ የሆኑ የቤቱ ሰው ናቸው። እንደ እድል ሆኖ የሆስፒታሉን ዳይሬክተር ልጆችም ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ አበልጅ እያለ በወረፋ መሠቃየት ለሚሉንካ የጤና ጉዳይ ሳይሆን የቂልነት ጉዳይ ነበር።

«ራድሚሎ አንድ ቃል ቢተነፍስ እኮ ያልቃል!» ይላሉ።

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

«ሥቃይህ ነዋ!»

«የሌላውስ ሰው ሥቃይ? ስሚኝ ሚሉንካ፣ እኔ በዕድሜዬ ያለ ምልክት ያንቀሳቀስኩት ባቡር የለም። በዳሌዬ ደግሞ አልጀምርም።»

«አንተ ባቡር አይደለህም! ባቡር ብትሆንማ ትንቀሳቀስ ነበር!»

በዚህ ክርክር ኔዳ ሁልጊዜ ከአባቷ ጎን ነበረች። «አባዬ ልክ ነው፣ ተራ ተራ ነው» ትላለች። ጤነኛ ዳሌ ይዞ ከእውነት ጎን መቆም ብዙም አያደክምም።

ኔዳ የሥዕሏን ትልቅ ወረቀት ዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ በቁስል ፕላስተር ለጠፈችና ሰዎቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረች። ምን ይደርስሃል? ምን ታደርገዋለህ? ለማን ትሰጣለህ? ጥያቄው ሦስት ብቻ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ሐኪም ራሱን መሃል ላይ አስቀምጦ የቀረውን ሆስፒታል ዙሪያውን አሰፈረ። ዳይሬክተሩ ዶክተር ቬሊቦር ደግሞ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጥተው ሥዕሉን ጤና እንደራቀው ሰው መረመሩት።

«ይቺ ትንሿ ክብ ማን ናት?»

«ማንም አይደለችም ዶክተር። ሥራ ናት፤ "ማጽደቅ" የሚባለው።»

«ማጽደቅ እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ እርስዎ ነዎት እንበል።»

«ታዲያ ከሲስተር ዛጎርካ ክብ የማንሰው ለምንድን ነው?»

«በዚህ ሥዕል የክብ ትልቅነት ትርጉም የለውም።»

«ትርጉም ከሌለውማ ማተለቁ ማንን ይጎዳል?»

ኔዳ ክቡን አተለቀችው። ክቡ ሲተልቅ ደግሞ ሌላ ጉድ ፍንትው ብሎ ታየ። ማመልከቻ ይገባበታል፣ ሪፖርት ይገባበታል፣ አቤቱታ ይገባበታል፤ የሚወጣ ግን አንድም ቀስት የለም።

«ዶክተር፣ ከእርስዎ የሚወጣው ምንድን ነው?»

«እንዴት ምንድን ነው?»

«ወረቀቱ እርስዎ ጋ ይገባል። ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔ ጋ ነው።»

«እርስዎ ጋ ሆኖስ?»

«አየዋለሁ።»

ኔዳ እንዲህ ያለው ክብ በሙያቸው ጥቁር ጉድጓድ እንደሚባል በትሕትና ነገረቻቸው። ዶክተር ቬሊቦር መጀመሪያ ተቆጡ። ቃሉ ከከዋክብት ሳይንስ የመጣ መሆኑን፣ ብርሃንን እንኳ የሚውጥ ታላቅ ኃይል ማለት እንደሆነ ስትነግራቸው ግን ቁጣቸው በረደ። እንዲያውም ለሚስታቸው ስልክ ደውለው ነገሩ። ኔዳ «ፊርማ» የምትል አንዲት ቀጭን ቀስት ከክቡ አወጣችና ነገሩ በዚያው ታለፈ።

የቀረው ሁሉ ገጠመ፤ አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ። ከየጤና ጣቢያው የሚላኩት ስሞች በተመዘገቡበት ቀን ተራ ወደ ወረፋው ይገባሉ። ከወረፋው ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል የሚወጡት ግን በዚያ ተራ አይደለም። አሥረኛው ቀድሞ ይወጣል፣ ሁለተኛው ተረስቶ ይቀራል። እንግዲህ ማንም ያልነገራት አንድ ቀስት ከሆነ ቦታ ተነሥቶ ወረፋው ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ኔዳ የአጥንት ክፍሉን ዋና ነርስ ዛጎርካን ያዘቻት። ዛጎርካ በዚያ ክፍል ስንቱን ዳይሬክተር ተቀብላ ስንቱን የሸኘች ሴት ናት።

«ሲስተር፣ ስሞቹ ከገቡበት ተራ ውጭ የሚወጡት በምን ምክንያት ነው?»

«በሕክምና ምክንያት።»

«ማን ይወስናል?»

«ሐኪሞቹ።»

«ሐኪሞቹ እኛ አይደለንም አሉ።»

«እንግዲያው እነሱ አይደሉማ!»

«ሲስተር፣ እባክዎ።»

ዛጎርካ ተነሥታ በሩን ዘጋችና ተመለሰች። መስኮቱንም ዘጋች፤ ይሄኛው ግን ብርድ እንዳይመታት ብላ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ሰው ይታሰባል። ገባሽ? ሰው ያለው ሰው ይታሰባል።»

«ማን ነው የሚያሳስበው?»

«አበልጁ ነዋ! ዝክር ላይ እንገናኛለን፣ ንፍሮ እየቀማመስን "ያ ሰውዬ እኮ ተጎዳ" ይለኛል። እኔም እዚህ እይዘዋለሁ» አለችና ግንባሯን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ወረቀት የለው፣ ፊርማ የለው። እናንተ አበልጅ የላችሁም?»

«አለን።»

«ታዲያ የምታውቂውን ነገር ምን ታስለፈልፊኛለሽ?»

ኔዳ ከዚያ ክፍል የወጣችው ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ዘበኛ ደረቷን ነፍታ ነበር። ወረቀቱ ላይ አንድ አራት ማዕዘን ሣለች፤ ውስጡ «አበልጅ» ብላ ጻፈች። ከእሱ ተነሥታ በየትኛውም ክብ ሳታልፍ በቀጥታ ወረፋው ላይ የምትሰካ ቀስት አሰመረች፤ ስም አልሰጠቻትም። በአንድ መስመር ሁለት ሕግ የፈረሰበት እንዲህ ያለ ሥዕል በሕይወቷ አይታ አታውቅም፤ ደስ አላት። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እንዲህ ያለውን ደስታ ነው።

ጎይኮ ሥዕሉን ሲያይ የፊቱ ቀለም ጠፋ።

«ይሄ አራት ማዕዘን ምንድን ነው?»

«አበልጅ።»

«አበልጅ ሥዕል ውስጥ ይገባል እንዴ!»

«አሁን ያለውን አሠራር እንዳለ ሣዪ አላልከኝም?»

«ሣዪ አልኩሽ እንጂ ለሰው አሳዪ መቼ አልኩሽ? ኔዳ፣ በምትወጂው! ይሄንን ሥራ በማን በኩል ያገኘን ይመስልሻል?»

«በጨረታ ነዋ።»

«ጨረታውንስ በማን በኩል?» አለ ጎይኮ፤ ከዚያም ብዙ እንደተናገረ ገብቶት ራኪያውን ቀዳ።

ኔዳ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ሆነች። ሥዕሉን እንዳለ በስብሰባ ላይ አቀርባለሁ፣ ቀስቷም ትጠፋለች አለች።

በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት ውስጥ፣ ከሆስፒታሉ ለስታኖዬ ስልክ ተደወለ። ኔዳ ማታ ቤት ስትገባ አባቷ የጣቢያ ሹምነት ኮታቸውን ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተኮፍሰው አገኘቻቸው።

«ለግንቦት ተጠራሁ!» አሉ። «አላልኳችሁም? አላልኩም ወይ? ሥርዓት ባለበት አገር ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይደርሳል!»

«እንኳን ደስ ያለህ አባዬ!»

«እናትሽ ግን ራድሚሎ፣ ራድሚሎ ስትል ጆሮዬን በላችው። ይኸው! ያለ ማንም ራድሚሎ!»

ሚሉንካ ባላቸው ሲመጻደቁ ዝም የሚሉ ሴት አልነበሩም። ያን ማታ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ባቄላውን ያማስላሉ፤ ባቄላው መማሰል ከሚገባው በላይ ተማሰለ። ኔዳ ይህን አላየችም። አባቷን አቅፋ ሳመችና፣ ከዚያች ከአንዲቷ ቀስት በቀር የሆስፒታሉ ሥርዓት ያን ያህል እንዳልተበላሸ ለራሷ ነገረች።

በስብሰባው ቀን ዳይሬክተሩ፣ ሲስተር ዛጎርካ፣ ሁለት የአጥንት ሐኪሞችና ጎይኮ ከነጠርሙሱ ሥዕሉ ፊት ተቀመጡ። ኔዳ ከላይ ጀምራ አስረዳች። ሰው ሁሉ በየክቡ እየተደሰተ ራሱን ነቀነቀ። ወደ አራት ማዕዘኑ ስትደርስ ግን አንደኛው ሐኪም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቺ ቀስት የለችም።»

«ብትኖርም ስም የላትም» አሉ ዶክተር ቬሊቦር።

«ስም የሌላት ቀስት አይፈቀድም» አለች ኔዳ። «ወይ ስም ይውጣላት ወይ ትጥፋ።»

«"ሰላምታ" እንበላት?» አለ ሁለተኛው ሐኪም።

«"ማስታወሻ" አይሻልም?» አለ አንደኛው።

«"ሰብአዊነት" በያት» አለ ጎይኮ እንባ በሚተናነቀው ድምፅ።

ኔዳ ሳቀች። ያቺ ሳቅ እስከ ዛሬ ትቆጫታለች።

«ቀላል ነው» አለች። «ምሳሌ ስጡኝ፣ ስሟን እኔ አወጣለሁ። በዚች ቀስት መጨረሻ የገባው ምንድን ነው?»

ዛጎርካ ቀና ብላ አየቻት። «ተዪው የኔ ልጅ።»

«አልተወውም ሲስተር። ደፍሮ የሚናገር ሰው ይኑር እንጂ! ማን ነው የገባው?»

«ተዪው እያልኩሽ ነው።»

«ስም ይጠራ!»

«ስታኖዬ ይባላል» አለች ዛጎርካ። «የጣቢያው ሹም። የጥምቀት ማግስት፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ዕለት፣ ራድሚሎ ቤት ዝክር ላይ ነበርን። እናትሽ ብቻዋን ነው የመጣችው፤ እሱ መራመድ አቅቶታል አለች። አለቀሰች። እኔም ያዝኩላት።»

ጎይኮ እንኳ መቅዳቱን ተወ። ኔዳ እስክሪብቶዋን ይዛ ግድግዳው አጠገብ ቀረች። እናቷ ላይ ልትናደድ ፈለገችና ዝክር ቤት ብቻቸውን ቆመው ሲያለቅሱ ታዩአት፤ ንዴቱ አልመጣም።

ዶክተር ቬሊቦር ድሮም ክፉ ሰው አይደሉም። ድምፃቸውን አለስልሰው «የእኔ እመቤት» አሏት፣ «ሙያው የእርስዎ ነው። ትጥፋ ካሉ አሁኑኑ እናጠፋታለን። በእሷ የገቡትም ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። ሲስተር፣ የእኚያ ሰው የራሳቸው ተራ መቼ ነበር?»

«በሚመጣው ጥር።»

ጥር! ከፊት ያለው በጋ ሁሉ፣ መኸሩ ሁሉ፣ የበረዶማው ክረምትም እኩሌታ በዚያ ወንበር ላይ። ኔዳ አባቷ ሲነሡ የሚያሰሙት የጥርስ ድምፅ ተሰማት። ወረፋው ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ሰዎችም አባት እንደሆኑ ታውቃለች፤ የእነሱ ጥርስ ግን ከዚህ አይሰማም።

«ቀስት ከውጭ ሰው ተነሥታ በቀጥታ ማከማቻ ውስጥ አትገባም» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «መሃል ላይ ክብ ያስፈልጋታል።»

ክቡንም ሣለችው። ውስጡ «ልዩ ሁኔታን ማጣራት» ብላ ጻፈች። ቀስቷን ሁለት ቦታ ቆርጣ ለመጀመሪያው ቁራጭ «ጥያቄ»፣ ለሁለተኛው «የጸደቀ ጥያቄ» የሚል ስም ሰጠች። ሕጉ ተከበረ። ሁሉም እፎይ አለ፣ ሐኪሞቹ አጨበጨቡ፣ ዶክተር ቬሊቦርም «ሳይንስ ማለት ይሄ ነው!» አሉ። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይህ ነው። ኔዳ በዚያች ሰዓት ቀኝ እጇን ጠላችው።

ነገር ግን ክብ አንዴ ከተሣለ ሶፍትዌር ይሆናል፤ ሶፍትዌር ደግሞ እንደ ዛጎርካ ግንባር ምሥጢር አይጠብቅም። የጎይኮ ሠራተኞች ለክቡ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ሠሩለት። ጥያቄው በማን በኩል ይግባ ተብለው ሲጠየቁ ዶክተር ቬሊቦር «ቤቴ ድረስ እየደወሉ ሰላም ከሚነሡኝ ሁሉም በዚያው ያመልክት» አሉ። እናም ማንም ሰው የበሽተኛውንና የአበልጁን ስም አስገብቶ «ልዩ ሁኔታ» የሚለውን እንዲነካ ሆነ። ኔዳም የክቡን ማብራሪያ ስትጽፍ እንደ ወጉ አንዲት ደረቅ መስመር አክላለች፤ ልዩ ከተራው ይቀድማል፣ እኩል የሆኑ በተመዘገቡበት ቀን ይቀዳደማሉ።

ኔዳን የሚያህል አሳቢ፣ ጎይኮን የሚያህል መላ አዋቂ፣ አንድ ቀላል ነገር ሳያስቡ ቀሩ። በዚያ አገር ጥርስ የሌለው ሰው አለ፣ ዳሌ የሌለው ሰው አለ፤ አበልጅ የሌለው ሰው ግን የለም። የሰውን አበልጅ «እምቢ» የሚልም ገና አልተወለደም። ፋሲካ ሳያልፍ ከተማው ሁሉ ሰማ። ዳቦ ቤት ያመለክታል፣ ፀጉር ቤት ያመለክታል፣ ቄሱም ለእኅታቸው አመለከቱ። የገባው ሁሉ ጸደቀ። ሚያዝያ ሲያልቅ ወረፋው ውስጥ ልዩ ያልሆነ ሰው ጠፋ። ሁሉም እኩል ልዩ ስለሆኑ ማሽኑ ያቺን ደረቅ መስመር ፈለገና በተመዘገቡበት ቀን ደረደራቸው። የዚያች ከተማ ወረፋ እንዲህ ሆኖ ቀና። ያቃናው ሕሊና አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለማጭበርበር መሰለፉ ነው።

ለስታኖዬ እንደገና ተደወለ። ግንቦት ቀርቷል፣ ጥር ሆኗል።

«ጥር? ተራዬ እኮ ደርሶ ነበር!» እያሉ ስልኩ ውስጥ ጮኹ። ሚሉንካ ከዚያ በላይ አልቻሉም።

«ምን ተራ አለህ አንተ! ራድሚሎ ነው ያስገባህ! እኔ ነኝ ለምኜ ያስገባሁህ! እዚህ ወንበር ላይ ስትሞት ቁጭ ብዬ ልይህ?»

ስታኖዬ ስልኩን አስቀመጡ። ኮታቸውን አወለቁና አንጠልጥይልኝ ብለው ለልጃቸው ሰጡ። ሚሉንካ እያለቀሱ ወደ ማድ ቤት ገቡ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አሉ ስታኖዬ።

«ስብሰባው ላይ ነው ያወቅኩት። ከዚያ ግን ክቡን የሣልኩት እኔ ነኝ። ላጠፋው እችል ነበር፤ አላጠፋሁትም።»

«ለእኔ ብለሽ።»

«ለአንተ ብዬ።»

ኔዳ ልትታቀፍ ወይም ልትሰደብ ተዘጋጅታ ነበር፤ ሁለቱም አልሆነም።

«እኛ ጣቢያ» አሉ ስታኖዬ፣ «ሐዲድ ቀይሮ የከፈተ ሰው መልሶ ሳይዘጋ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። በቃ፣ ሌላ የምለው የለኝም። እስቲ አንሺኝ።»

አነሣቻቸው። ጥርሳቸው ተንቀጫቀጨ።

በማግስቱ ዶክተር ቬሊቦር ኔዳንና ጎይኮን አስጠሩ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ፕላስተሩ ብቻ ጫፍ ጫፉን ለቋል።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አሉ። «ሰዎቹን በተራቸው ይጠራል።»

«እንዲያ ነው የተሠራው ዶክተር» አለች ኔዳ።

«አሁን አበልጄ ሲደውሉ ምን እላቸዋለሁ? ሁሉ ልዩ ከሆነ ልዩ የታለ? አዲስ ክብ እፈልጋለሁ። "እጅግ ልዩ ሁኔታ" የሚል። እሱን ሌላ ሰው አይነካውም፤ በእኔ እጅ ብቻ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የመጀመሪያው የሚገቡት የእርስዎ አባት ይሆናሉ። ቃሌ ነው።»

ኔዳ እስክሪብቶዋን አወጣች። ግንቦት እዚያው እጇ ላይ ነበር፤ መውሰድ ብቻ ነው። አንዴ ወደ መስኮቱ አየች፣ አንዴ ወደ ወረቀቱ። ከዚያ ትልቅ ክብ ሣለች፤ በዚያ ወረቀት ላይ ካሉት ሁሉ የሚተልቅ፣ የሳህን ያህል። መሃሉ ላይ «እጅግ ልዩ ሁኔታ» ብላ ከሥሩ የዳይሬክተሩን ስም ጻፈች። ከአበልጅ የሚነሣ ወፍራም ቀስት አስገባችበት፣ ከሐኪሞቹ አንድ አስገባችበት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አንድ፣ ከቤተ ክህነቱ አንድ። ለእያንዳንዱ ቀስት ስም ሰጠች። እዚያ ላይ እስክሪብቶዋን ከደነች።

«ትልቅ ናት» አሉ ዶክተር ቬሊቦር።

«በጣም ትልቅ ናት ዶክተር።»

ጎይኮ ሥዕሉን ዞረው፣ የሆነ ነገር ፈለገ፣ አጣ፣ አፉን ከፈተ። ኔዳ አየችው። ጎይኮ አፉን መልሶ ዘጋና ጠርሙሱን አነሣ። ዛጎርካም ለፊርማ ገብታ ነበር፤ በጣቷ ቀስቶቹን አንድ በአንድ ተከትላ እስከ ክቡ ጫፍ ደረሰች፣ የክቡን ዙሪያ ሁሉ ዳሰሰችና «እንዲህ ነው እንጂ» ብላ እየሳቀች ወጣች።

በጋው ከባድ ነበር። በዚያ አገር ሐምሌና ነሐሴ ሐሩር ናቸው፤ ስታኖዬ ሁለቱንም በዚያ ወንበር ላይ አሳለፉ፤ ኔዳ በየማታው እየመጣች ታነሣቸዋለች፣ ያ የጥርስ ድምፅ በየማታው ይሰማታል፣ በየማታውም ያቺን ክብ ሄዳ ላስተካክላት ይሆን እያለች ታድራለች። ከክቡ የምትወጣ አንዲት ቀጭን ቀስት ብቻ ነበረች የምትጎድለው። አልሣለቻትም። አባቷም ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አልጠየቋትም።

ገና በዋለ በሦስተኛው ቀን ስታኖዬ በተመዘገቡበት ተራ፣ ከአንድ ፀጉር ቆራጭ ቀጥሎ፣ ከቄሱ እኅት በፊት ቀዶ ሕክምናቸውን አደረጉ። የመጥምቁ ዮሐንስ ዕለት በሁለት ምርኩዝ ራድሚሎ ቤት ዝክር ገቡ። ሚሉንካ የዓመቱን ትልቁን ኬክ ጋግረው ነበር፤ ራድሚሎን እጅና ጉንጫቸውን ሳሟቸው።

«አንተ ባትኖርልን ምን እንሆን ነበር!»

«ምን አደረግኩ» አሉ ራድሚሎ ኩራታቸውን መደበቅ እያቃታቸው። «እጅግ ልዩው ውስጥ አስገባሁት። ቬሊቦር ወዲያው አጸደቀ። ስንት ሰው አስገብቻለሁ መሰላችሁ! ሁሉም ገብተዋል!»

ስታኖዬ ንፍሯቸውን በማንኪያ እንደያዙ ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ።

«እዚያ ክብ ውስጥ የገባ ሰው መቼ ነው የሚወጣው?» አሉ በሹክሹክታ።

«አይወጣም አባዬ።»

ስታኖዬ ራሳቸውን ነቀነቁና ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ምርኩዛቸውን ፈለጉ፤ ኔዳ ልታነሣቸው እጇን ዘረጋች። በእጃቸው ከለከሏትና ብቻቸውን ተነሡ። ኔዳ ጆሮዋን አቀናች፤ ምንም አልተሰማም።